የእንድሪያስ መንጋጋ

ባሌ እንድሪያስ መንጋጋውን የሰበረው እኔን ከእፍረት ሊያድን ብሎ ነው። እንዲህ ሲባል የሚያምር ነገር ይመስላል፤ አያምርም። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብላ ያለችው ምግብ ቤቴ በምሳ ሰዓት በሹፌር ጢም ብላ ሳለ የጠርሙስ መክፈቻው ጠፋ። አስተናጋጇ መሳቢያውን ሁሉ ስትበረብር አንዱ እንግዳ «እዚህ ቤት መክፈቻም የለም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እንድሪያስ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጠርሙሱን ተቀበለና ቆርኪውን በመንጋጋው ነከሰው። ከወጣትነቱ ጀምሮ በጥርሱ ቆርኪ እየከፈተ ጓደኞቹን ሲያስጨበጭብ የኖረ የቦቴ ሹፌር ነው። ያን ቀን ግን ከቆርኪው ሌላ የተሰበረ ነገር ነበር፤ እኔ ድስቱ ዘንድ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። እሱ ጠርሙሱን ለእንግዳው አቀብሎ ፈገግ አለ። ጥርሱ ላይ ደም ነበረበት።

የተሰነጠቀው ከታች፣ በግራ በኩል ያለው ትልቁ የመንጋጋ ጥርስ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ስለ ሌላ ነገር የተወራ አይመስለኝም። ቅርንፉድ ነከሰበት፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ወተፈበት፣ አረቄ ይዞ ተጉመጠመጠበት፤ አረቄውን መልሶ ሲተፋ ግን አላየሁትም። ጉንጩ ያብጣል፣ ደግሞ ይጎድላል። ቀዝቃዛ ውኃ የነካው እንደሆነ ግድግዳ ይዞ ይቆማል።

«አስነቅለውና ተገላገል» እለዋለሁ።

«ይድናል ስንቄ። አሁን እኮ ማዳን ይቻላል። ነርቩን ገድለው፣ ውስጡን አጽድተው ይሞሉታል።»

«ከገደሉት ምኑን አዳኑት?»

«ቦታው ላይ ይቆማላ።»

ሰውየው የደብረ ሲና ልጅ ነው። አባቱ በሙሉ ጥርሳቸው እንደተቀበሩ እስኪሰለቸኝ ነግሮኛል። «እኔም ሳላጎድል ነው የምሄደው» ይላል፣ መሬት ቆጥራ የምትረከበው ይመስል። እኔ ደግሞ ምግብ ቤት የማስተዳድር ሴት ነኝ። ብልሽት የነካው ቲማቲም ከሣጥኑ ካልወጣ ሌላውን ይዞ እንደሚሄድ አውቃለሁ። የተበላሸ ነገር ማውጣት እንጂ ማስታመም አልችልበትም። አንድ ቀን በእንግዳ ፊት «የፈራው መርፌውን ነው» ብዬ አሳቅሁበት። እንድሪያስ ሲከፋው መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ መስማት የምፈልገውን ይነግረኛል፣ በመጨረሻ የፈለገውን ያደርጋል። ትዳራችን የቆየው በዚህ ነው።

የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮችን አንድ ጠባይ እዚህ ላይ ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም። ሞባይል ከገባ ወዲህ የመጣ ጠባይ ነው። ሹፌር ቤቱ ሲደውል ካለበት ቀድሞ ነው የሚናገረው። ገዋኔ ቆሞ «አዳይቱን አልፌያለሁ» ይላል፤ ሎግያ ጎማ እያስጠገነ «ሰርዶ ደርሻለሁ» ይላል። ውሸት አይሉትም። ሚስት ሐሳቧን እንድትጥል፣ እናት እህል እንድትቀምስ ነው። እኛም እናውቃለን፣ እንቀንሳለን። ሚሌ ነኝ ሲለኝ አዳይቱ ነው ብዬ እይዛለሁ፤ አዋሽ ገባሁ ሲለኝ ወጡን ገና አላሞቅም። የአዋሽ ሹፌር ያገባች ሁሉ ይህን ቅነሳ ከትዳሯ ጋር ትማረዋለች። የምንቀንሰው ግን የመንገዱን ነው። ስለ ሌላ ነገር ሲናገሩም መቀነስ እንዳለብን ያሰበ የለም፤ እኔም አላሰብኩም።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባለው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ እንድሪያስ ባዶ ቦቴውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ሰመራ ያኔ ገና ሕንፃዋ ከሰዎቿ የበዛ አዲስ ከተማ ናት። እዚያ የጥርስ ሐኪም እንደመጣ ጥጋቡ የሚባለው የሥራ ባልደረባው ነግሮን ነበር። እንድሪያስ መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል እጅጌውን ያዝኩት።

«ሰመራ ላይ ሳታስነቅል እንዳትመለስ» አልኩት።

«እሺ» አለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ደወለ። «አስነቀልኩት» አለ።

«አመመህ?»

«ትንሽ። ሐኪሙ ጎበዝ ነው። ሥሩ ጠማማ ነበር አለኝ።»

«ደሙስ ቆመልህ?»

«ቆመ። ጥርሱን በጥጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ።»

«ምን አደረግኸው?»

«እንደ ልጅነታችን ጣሪያ ላይ ወረወርኩታ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «ለዚህች ነበር ይህን ያህል ያስጨነቅኸኝ?» አልኩት። ድምፁ ቀሎት ነበር፤ ሕመሙ እንደለቀቀው ያስታውቃል። ያን ቀን ምግብ ቤቴ የገባ ሁሉ ባሌ ጥርሱን እንዳስነቀለ ሰምቶ ነው የወጣው። ማሸነፍ እወዳለሁ፣ ምን ይደረግ።

አደጋው የደረሰው ቤንዚን ጭኖ ሲመለስ ነው። ዲቼቶን አልፎ ሰርዶ ሳይደርስ ቦቴው ተገለበጠና ተቃጠለ። ጋቢናው ውስጥ ሁለት ሰው ነበር። ሁለተኛው ሙሄ ነው፤ እሱም የአዋሽ ሰው፣ እሱም ሹፌር፣ ከጣቢያው ጀርባ የሚኖሩት የእማማ ዘይቱና ልጅ። የራሱ መኪና ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ፣ ተበላሽታ ቆማበት መለዋወጫ ሊፈልግ ከእንድሪያስ ጋር ተሳፈረ። ይህን የነገሩን ጋላፊ ላይ አብረው ሲነሡ ያዩዋቸው ሹፌሮች ናቸው።

ሬሳዎቹን ለማምጣት ወደ ሰመራ የሄድነው እኔና የሙሄ አጎት ነን። እማማ ዘይቱናን ወንዶቹ «ሴት ጀናዛ አትከተልም» ብለው አስቀሯቸው። እኔንም ሊያስቀሩኝ ሞክረው ነበር፤ ማን ሊይዘኝ። የሆስፒታሉ ሬሳ ክፍል ሠራተኛ ሽበት የወረሰው ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ባታዩ ይሻላል» አለን። ልብስ የለ፣ ፊት የለ። ቁመታቸው ያው ነው። ቀለበት ሁለቱም አያደርጉም። መኪናው ተንከባሎ ስለነበር መሪው ላይ ማን እንደነበረም የሚያውቅ የለም። የሙሄ አጎት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ። «እና የትኛው ላይ ነው የምንሰግደው?» ብሎ ጠየቀ፣ ማንን እንደጠየቀ እንጃ።

ያኔ ነው እኔ የተናገርኩት። «የኔ ባል መንጋጋ የለውም» አልኩ። «ከታች፣ በግራ። ሰሞኑን ነው ያስነቀለው፤ በስልክ ነግሮኛል።»

ሠራተኛው ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። «አንደኛው እዚያ ቦታ ላይ ጥርስ የለውም። የሌላው አለ» አለ።

ተመስገን አልኩ። እንዲህ ባለ ቦታ ተመስገን ይባላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ግን ባሌን አገኘሁት፣ እጄ ገባ። የሙሄ አጎት ተነሥቶ እጄን ያዘና «አላህ ይስጥሽ፣ ልጃችንንም ባንቺ አወቅነው» አለኝ። በሁለት ሸራ የተጠቀለሉትን በአንድ አይሱዙ ላይ ጎን ለጎን ጭነን፣ በዚያ ሐሩር ሸለቆውን ሽቅብ ተመለስን። አዋሽ ስንገባ መኪናው መጀመሪያ መስጊዱ በር ላይ ቆሞ አንዱን አወረደ፤ ቀጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዞን ወጣ። መምሬ ሀብተ ሥላሴ በክርስትና ስሙ ጠርተው ፍትሐቱን አደረሱለት። እኔ አፈር እስኪለብስ ድረስ ቆሜ አየሁ።

አርባውን አወጣሁ፤ ሐውልትም አቆምኩ። ለሐውልቱ የሰጠሁት ፎቶ ሲስቅ የተነሣውን ነው፤ ጥርሱ እስከ ጥግ ድረስ ይታያል። ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። ካስነቀልከው ወዲያ በሙሉ ጥርስህ ተቀመጥ ብዬ፣ እንደ መካስ። ከጎኑ ያለውን ቦታም ለራሴ አስያዝኩ። ልጅ አልወለድንም፤ ከእሱ ሌላ የምተኛበት ቦታ የለኝም።

ክረምቱ ሲወጣ ጥጋቡ ከጅቡቲ መልስ ምሳ ሊበላ ገባ። ዕቃ ሳነሣሣ ጠራኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ሊያጽናናኝ ነው የፈለገው፤ ጥጋቡ ደግ ሰው ነው፣ ክፋቱ ወሬ አያሳድርም።

«ሰመራ ያለው የጥርስ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር» አለኝ። «አዋሽ ነኝ ስለው፣ እንድሪያስ የሚባል ሹፌር ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለምን ሳይመለስ ቀረ፣ ጥርሱን ለጊዜው ነው የዘጋሁለት፣ እንዲህ መቆየት አልነበረበትም አለኝ። ሞቷል ስለው በጣም አዘነ ስንቄ። እንደጀመርኩለት ቀረ እያለ ቆጨው።»

«የቱን ጥርስ?» አልኩት።

«ያንን ያመው የነበረውን ነዋ።»

ትሪውን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቁጭ ለማለት ቦታ ፈልጌ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ቤቱን ለአስተናጋጇ ጥዬ በአውቶቡስ ወደ ሰመራ ወረድኩ።

ሐኪሙ ፍሬምናጦስ ይባላል፤ ከደጋ አገር ተመድቦ የመጣ ለጋ ሰው ነው፣ ፊቱን ፀሐይ ልጦታል። የእንድሪያስ ሚስት ነኝ ስለው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

«ነቅለህለት ነበር?» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።

«አልነቀልኩትም እትዬ። ሁለቱንም ነገርኩት። መንቀሉ ዛሬውኑ ያልቃል፣ ማዳኑ ግን መመላለስ ይፈልጋል አልኩት። አድነው አለኝ። ነርቩን አውጥቼ መድኃኒት አድርጌ ለጊዜው ዘጋሁት፤ ከጅቡቲ ሲመለስ ልጨርስለት ነበር።» ጥቂት አመነታ። «ሚስቴ ከሰማች ከጥርሱ ጋር እኔንም ትነቅለኛለች ብሎ አሳቀኝ። ድኖ ሲያልቅ ፊት ለፊቷ ቆሜ ቆርኪ እከፍትላታለሁ ይል ነበር። እንዳትሞክረው ብዬ ተቆጣሁት።»

የሬሳ ክፍሉን ነገር ነገርኩት። እየሰማኝ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። የቦቴውን መቃጠል ሰምቷል፤ ማን እንደነበረበት ግን የነገረው የለም። «አሁን የተነቀለ ጥርስ እና ድሮ የተነቀለ አንድ አይደለም። አጥንቱ ይለያል» አለ። «ቢጠሩኝ እዚሁ ነበርኩ። ያ መንጋጋ ደግሞ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ነው፤ እዚህ ከሚመጣው ሹፌር ስንቱ የለውም።»

የተሰማኝ ኀዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። እዚያው ፊቴ ቢቆም በጥፊ እለው ነበር። አስነቀልኩ ማለቱን እሺ፤ ሥሩ ጠማማ ነበር ማለት ምን አመጣው? በጥጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ጣሪያ ላይ ወረወርኩት፤ ይህን ሁሉ ማን ጠየቀህ? እኔን ለማሳረፍ ነው። አንድ መንገድ ደርሶ መልስ ዝም እንድለው ነው። ከተማ ቀድሞ እንደሚናገረው ሁሉ ጥርሱንም ቀድሞ ተናገረ፤ ሲመለስ ጥርሱ ድኖ ያስታርቀኛል ብሎ። እኔ ደግሞ ሚሌን አዳይቱ የማደርገው ሴት፣ ይህችን እንዳለች ተቀበልኩ። ደስ ስላለኝ ነው የተቀበልኳት።

አውቶቡሱ አዳይቱ ላይ ሲቆም ሌላው ሰው ሊበላ ወረደ። እኔ መስኮቱ ሥር ቀረሁ። አንዲት ተስፋ ነበረችኝ። ሰመራን ካለፈ በኋላ ጥርሱ ብሶበት ጅቡቲ ላይ አስነቅሎት ይሆናል፤ ሐኪሙ ይህን አያውቅም። የሙሄ ጥርስ ሙሉ ከነበረ መንጋጋ የሌለው እንድሪያስ ነው፤ የቀበርኩትም እሱን ነው። ሙሄ መንጋጋ ካልነበረው ግን ቤተ ክርስቲያን ያለው ሙሄ ነው፣ የኔ ባል ደግሞ ከእስላሞቹ መካነ መቃብር፣ ፍትሐት ሳይደርስለት። ይህን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነች፤ እሷም የሙሄ እናት ናት። አዋሽ እስክገባ ድረስ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

እማማ ዘይቱና ደጃፋቸው ጥላው ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠው ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ። ከለቅሶው ወዲህ እየሄድኩ እጠይቃቸው ስለነበር አልገረማቸውም። ቁርበቱ ላይ ጠጋ አሉልኝ። ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ስለ ፍየሎቻቸው አወራን። ከዚያ ከየት እንደምጀምር ሳላውቅ ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ሙሄ ጥርሱ ሙሉ ነበር?»

«የት ሙሉ ሆኖ» አሉ። ስለ ልጃቸው የሚጠይቅ ሰው ማግኘታቸው ደስ አላቸው። «ያኔ ጥጥ እርሻው ላይ ሲሠራ አብጦበት በጉጠት ነቀሉለት። እዚህች ጋ።» ጣታቸውን በራሳቸው ጉንጭ ላይ አደረጉ፤ ከታች፣ በግራ። «ሥጋ የበላ እንደሆን እዚያ ይገባበታል፤ በስንጥር ሲጎረጉር እቆጣው ነበር ወላሂ። ምነው፣ ጥርሱን ምን ብለሽ ጠየቅሽኝ?»

የሹፌር ሚስት ነኝ። ሰው እንዲያርፍ ብሎ መዋሸት እንዴት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ህልም አይቼ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። የሬሳ ክፍሉን፣ የተናገርኩትን፣ የሐኪሙን ቃል፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ተስቢሃው ጣታቸው ላይ ቆመ።

«ልጄ ቤተ ክርስቲያን ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ወደ ቂብላ አላዞሩትም።»

«አላዞሩትም።»

አንዲት ፍየል መጥታ ቀሚሴን ትነክሳለች፤ የከለከላት የለም። «ጀናዛው ሲመጣ ልየው ብያቸው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የሚታይ አይደለም አሉኝ። ልጅሽ ነው አሉኝ፣ ልጄ ነው አልኩ።»

«እናውጣቸው» አልኩ። ያው ነኝ እኔ። «ዛሬውኑ ለመምሬ ሀብተ ሥላሴ እነግራለሁ። እርስዎም ለአጎቱ ይንገሩ። አውጥተን እያንዳንዳቸውን ወደየቦታቸው እንመልስ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ደረቅ ነው። «ማን ያወጣቸዋል? የኛ ወንዶች አካፋ ይዘው ወደ እናንተ፣ የናንተ ወንዶች አካፋ ይዘው ወደ እኛ ሲሄዱ ይታይሽ። አንዱ ማን አሳሳተ ይላል፤ አንዱ ሆን ተብሎ ነው ይላል። ባንድ መኪና አምጥተን ተላቅሰን ነው የቀበርናቸው። ይኸን ልናበላሽ?» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ድምፃቸው ወረደ። «በዚያ ላይ በእሳት ያለፈ ገላ ነው፣ ልጄ። ዳግመኛ ለአካፋ አልሰጠውም።»

«ጸሎቱስ?»

«ጸሎቱ በስሙ አይደል? እኛ ሙሄ ብለን ነው ዱዓ ያደረግነው። የናንተም ቄስ የባልሽን ስም ነው የጠሩት። አላህ ስም አይምታታበትም።» እንዲህ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔን ነው የተምታታብኝ» አሉና ያን ጊዜ አለቀሱ።

አብሬያቸው አለቀስኩ። ተበላሽቶ ሳለ ይቀመጥ የተባለ ነገር በዕድሜዬ ተቀብዬ አላውቅም። ያን ቀን ተቀበልኩ፤ እርሳቸው ያሉት ልክ ስለመሰለኝ አይደለም፣ ሌላው መንገድ የባሰ ስለሆነ ነው። ዛሬም ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ልነሣ ስል ነጠላዬን ያዙኝ። «ከጎኑ ማን አለ?» አሉኝ።

«አጥሩ ነው በአንድ ወገን።»

«በሌላውስ?»

«ባዶ ነው። ለራሴ ያስያዝኩት ነው፣ ባሌ መስሎኝ።»

«እንዳትለቂው» አሉኝ። ጨምቀው ነው የያዙኝ። «ሌላ ቦታ ልቀበር እንዳትዪ። ከማያውቀው ሰው ጋር ነው ያለው፣ ብቻውን አታስቀሪብኝ።»

«አልለቅም እማማ» አልኳቸው። እሺ ስላቸው ቀድሜ መናገሬ እንዳይሆን ፈራሁ። ግን አልለቅም።

ከሳምንት በኋላ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ግቢው ጭር ሲል፣ ውሰጅኝ ብለውኝ ወሰድኳቸው። ዘበኛው የለቅሶ ሰው ናቸው ብዬው አሳለፈን። ሐውልቱ ፊት ቁጭ አሉ፤ ያፈሩትን ልጅ የሚያህል መሬት በመዳፋቸው ከወዲያ ወዲህ ዳሰሱ። የሚሉት አይሰማም፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሲጨርሱ ቀና ብለው የባሌን ፎቶ አዩት።

«ጥርሱ ያምራል» አሉ።

«አዎ» አልኳቸው፤ «አንድም አልጎደለበት።»

የእስላሞቹ መካነ መቃብር ከከተማው መውጫ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ በሽቦ ታጥሯል። ሙሄ የተባለው ከግራሯ ሥር እንደሆነ እማማ ዘይቱና አጎቱን ጠይቀው ነገሩኝ። ውስጥ ገብቼ ብቀመጥ ማን ናት፣ ምን ትፈልጋለች ይባላል። ስለዚህ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ዘንቢሌን ይዤ ወጣሁና አጥሩ ዘንድ ስደርስ ቆምኩ። ስም የለው፣ ፎቶ የለው፣ ግራና ቀኙ ድንጋይ ብቻ ነው። ሽቦውን ያዝኩት፤ ፀሐይ አግሎት ነበር።

«ሳታጎድል ሄድክ አይደል?» አልኩት። «ደስ ይበልህ እንግዲህ።» ብዙ ስድብ ይዤ ነበር የመጣሁት፤ አልቆ ተገኘ። ከጀርባዬ አንድ ቦቴ ወደ ጅቡቲ እያጓራ አለፈ። ሹፌሩ ሞባይሉን ጆሮው ላይ አድርጎ ይስቃል። ገና ከአዋሽ ሳይወጣ ገዋኔ ነኝ እያላት ይሆናል። አቧራው እስኪበርድ ጠበቅሁ።

ማታ ማታ ስልኩን ሳነሣ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር። ያንኑ ጠየቅሁት።

«ደረስክ?»

ዘንቢሌን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህችን አንዲት ጊዜ ደርሻለሁ ብሎ አልዋሸኝም።